ልጄን መልሳ ቆሎ ላስቆረጠመች የጥርስ ሐኪም

ሰላም እናቶች። እንዲህ ዓይነት ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ዛሬ ግን ዝም ካልኩ ውለታ በላ እሆናለሁ።

ልጄ 8 ዓመቱ ነው። ድንቡሽቡሽ ነው፤ በዘመድ አነጋገር «የደላው»። አማቴ ጉንጩን ቆንጠር አድርገው ለስላሳ ይከፍቱለታል፣ እኔም በኮዳው ጁስ ሞልቼ ትምህርት ቤት እልከዋለሁ። ጥርሱን ሲያመው «የወተት ጥርስ ነው፣ ይወልቃል» እያልኩ ስንት ወር ቆየሁ። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልክድም።

ግን የዞርኩባቸው ቦታዎች! አንዱ ጋ ተራ የሚጠብቀው ሰው ሁሉ እየሰማ «ምን እያበላሽ ነው እንዲህ ያሳበጥሽው?» ተባልኩ። ልጄ ቀና ብሎ አየኝ። ያቺን አስተያየት እስክሞት አልረሳትም። ሌላው ጋ ለሁለት ክንዱን ይዘው አፉን በግድ ሊያስከፍቱት ታገሉ። ሦስተኛው በቅጡ ሳያየው ዋጋ ነገረኝ። ከዚያ ወዲህ ነጭ ጋውን ሲያይ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ስማቸውን አልጠራም፤ ለእግዜር ሰጥቻቸዋለሁ።

ወደዚህች ሐኪም የላከችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። ሐኪሟ ታናሽ እህቴ የምትሆን ልጅ ናት። ልጄ አፉን በሁለት እጁ ከድኖ ገባ። አልተቆጣችም፣ አላባበለችም። መስታወቷን ሰጠችውና የራሷን አፍ ከፍታ «እስቲ የኔን ቁጠርልኝ» አለችው። እየቆጠረ ሄዶ አንዱ ላይ ቆመ። «አንቺም ተበልቶብሽ ነበር እንዴ?» «አዎ፣ ከረሜላ ነፍሴ ነበር!» ማንም ሳይለምነው ወንበሩ ላይ ወጣ። እኔ ኮሪደር ወጥቼ አለቀስኩ።

እንዴት እንደሠራችው አትጠይቁኝ፤ አደነዘዘች፣ አጸዳች፣ ሞላች፣ አለቀ። የገባኝ ይኼ ነው፦ የተበላው የወተት ጥርስ አልነበረም። 6 ዓመት ገደማ ላይ ከኋላ፣ ምንም ሳይወልቅ የሚበቅል መንጋጋ አለ፤ ቋሚ ነው፣ ምትክ የለውም። እባካችሁ የልጆቻችሁን አፍ በባትሪ እዩ!

ስለ ክብደቱ በልጁ ፊት ትንፍሽ አላለችም። እሱ ሲወጣ ነው ስኳር በሻይ ማንኪያ እየሰፈረች ያሳየችኝ፤ አንድ ጠርሙስ ለስላሳ 7 እና 8 ማንኪያ! የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ እንኳ በቀን ከ6 ባይበልጥ ይመረጣል ይላል አለችኝ። ጁሱም ያው ነው፤ ቀኑን ሙሉ ሲጎነጨው ጥርሱ ስኳር ውስጥ ተነክሮ ይውላል። ደግሞ ስላመመው ጥሬና ካሮት ማኘክ ትቶ ኬክና ብስኩት ላይ ወደቀ። እኔ ቅብጠት ይመስለኝ ነበር! «ወፍራም ልጅ ሁሉ ጥርሱ ይበላል ማለት አይደለም፣ ቀጭኑም ይበላበታል» ብላኛለች። ክብደቱን እኔ አላክምም ብላ ለሕፃናት ሐኪም ወረቀት ጻፈችልኝ፤ በራሴ እንዳላስርበውም አስጠነቀቀችኝ። ልክን ማወቅ እንዲህ ነው።

አሁን ኮዳው ውስጥ ውሃ ነው። ማታ እኔው ራሴ አቦርሸዋለሁ። አማቴን ማሳመን ግን ሌላ ጦርነት ነው፣ ተውት።

ቅዳሜ ቡና ሲፈላ ቆሎ ዘግኖ በዚያው በኩል መቆርጠም ጀመረ። ኮሽ ኮሽ ሲል እያዳመጥኩ ቡናዬ ቀዘቀዘ። እጅሽ ይባረክ የኔ እናት!

ሳላስፈቅዳት ስሟን አደባባይ ማውጣት አልወደድኩም፤ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ ለሁላችሁም እልካለሁ። ሂዱ፣ ልጆቻችሁን ውሰዱ! ጠዋት ብትሄዱ ይሻላል፣ ከሰዓት ወረፋ አለ።