የራባቱ የንጉሣዊ ቤተሰብ ጉብኝት፦ አባትና ወንዶች ልጆች ብቻ

በራባት ከተማ የሞሮኮን ንጉሣዊ ቤተሰብ ታሪክ በግማሽ ቀን የሚያስጎበኝ አገልግሎት የያዝኩት በዋናነት ስለ አንዲት ሴት ለመስማት ነበር፤ እርሳቸውም አባታቸው ንጉሥ መሐመድ አምስተኛ የሆኑት ልዕልት ላላ አይሻ ናቸው። «ላላ» በሞሮኮ ለተከበረች ሴት የሚሰጥ መጠሪያ ነው። ዓመተ ምሕረቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ጽፌያለሁ።

አስጎብኚው በሰዓቱ ተገኝቷል፤ ትሑትም ነበር። ስለ መሐመድ አምስተኛ መካነ መቃብር ሕንፃ የነገረን ሁሉ ጥሩ ነው። መካነ መቃብሩ የሚገኘው በ12ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ተጀምሮ ሳያልቅ 44 ሜትር ላይ ከቀረው የሐሰን ግንብ ፊት ለፊት ሲሆን፣ በቬትናማዊው አርክቴክት በቮ ቶአን ንድፍ ተሠርቶ በ1971 ተጠናቀቀ። ጎብኚ የሚቆመው ላይኛው ሰገነት ላይ ነው። አጥሩን ተደግፎ ቁልቁል ሲመለከት በመሐል የመሐመድ አምስተኛን ከነጭ የኦኒክስ ድንጋይ የተሠራ መቃብር፣ በጥግ ደግሞ የሁለቱን ወንዶች ልጆቻቸውን፣ የንጉሥ ሐሰን ሁለተኛንና የልዑል ሙላይ አብደላን፣ መቃብር ያያል። ሰው ሁሉ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው የሚያወራው፤ እኔም ለረጅም ጊዜ ከዚያ መነሳት አልቻልኩም።

ቅሬታዬ የሚጀምረው ከዚሁ ነው። መቃብሮቹ የአባትና የወንዶች ልጆች ስለሆኑ ትረካውም የአባትና የወንዶች ልጆች ብቻ ሆነ። ስለ ልዕልቲቱ ስጠይቅ «አምባሳደር ነበሩ» የሚል አጭር መልስ ሰጥቶኝ ወደ በሩ አመራ። መግቢያው ነፃ ስለሆነ የከፈልኩት ገንዘብ በሙሉ ለትረካው ነው፤ ለዚህም ነው ያዘንኩት።

ሊነገር የሚገባው ብዙ ነበር። ላላ አይሻ በ1930 እዚያው ራባት ተወለዱ፤ ሐሰን ሁለተኛን የሚያንሱት በአንድ ዓመት ገደማ ነው። ገና 17 ዓመት ሳይሞላቸው፣ በሚያዝያ 1947፣ አባታቸው በሰሜን ሞሮኮ ባለችው በታንጂየር ከተማ ስለ ሞሮኮ አንድነትና ነፃነት ታሪካዊውን ንግግር ባደረጉበት ጉዞ፣ ፊታቸውን ሳይሸፍኑ ሕዝብ ፊት ቆመው ስለ ሴት ልጆች ትምህርት ተናገሩ። አንድ ንጉሥ የሴት ልጁን ድምፅ ለሀገሩ ሴቶች ጉዳይ በአደባባይ ማቆሙ በዚያ ዘመን ቀላል ነገር አልነበረም። በ1953 ያኔ ሞሮኮን ይገዙ የነበሩት ፈረንሳዮች ንጉሡን ከዙፋን አውርደው ቤተሰቡን መጀመሪያ ወደ ኮርሲካ፣ ቀጥሎም ወደ ማዳጋስካር አጋዙት፤ ታናሿ እህት ላላ አሚና በ1954 የተወለዱት በስደቱ ከተማ በአንትሲራቤ ነው። ቤተሰቡ በ1955 ተመለሰ። ላላ አይሻ ከ1965 ጀምሮ በለንደን፣ ኋላም በግሪክና በጣሊያን ሀገራቸውን ወክለው ሠርተዋል፤ ያረፉትም በ2011 ነው።

የልዕልቲቱ መቃብር በዚያ አዳራሽ ስለሌለ፣ አስጎብኚው ካልነገረ ጎብኚው ስማቸውን ሳይሰማ ይወጣል። ስለ ሕንፃው ማወቅ ለሚፈልግ አገልግሎቱ ይመከራል። የቤተሰቡን ታሪክ ፈልጎ የሚሄድ ግን፣ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት፣ የታንጂየሩን የልዕልቲቱን ንግግር ያውቅ እንደሆነ አስጎብኚውን ይጠይቀው።