ደሴ ላይ ላፕቶፑን ያገለገለ፣ ስልኩን አዲስ

ዘንድሮ ወሎ ስገባ ሻንጣዬ ውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የሚባል ነገር አልነበረም። ሁለት ዕቃ ግን ታዝዤአለሁ፤ ለእናቴ ስልክ፣ ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ለምትማረው የእህቴ ልጅ ደግሞ ላፕቶፕ። "ጀርመን እየኖርሽ ደሴ ወጥተሽ ላፕቶፕ ልትገዢ?" ብሎ ያልሳቀብኝ ዘመድ የለም። ይሳቁ። ፍራንክፈርት የተገዛ ዕቃ ደሴ ላይ ሲበላሽ ዋስትናው ወረቀት ብቻ ነው የሚሆነው፤ መልሶ የሚወስድ ሰው እስኪገኝ ዓመት ያልፋል፣ ሰውየው ሲገኝ ደግሞ ኪሎው ሞልቷል። እዚያው ገዝቼ፣ እዚያው አስፈትሼ፣ ልጅቷን ከሻጩ ጋር አስተዋውቄ ልሂድ አልኩ።

አሜሪካ ላላችሁም አንድ ነገር ልበል። ከአይፎን 14 ጀምሮ ለአሜሪካ ገበያ የሚሠራው አይፎን የሲም ማስገቢያ የለውም፣ በኢሲም፣ ማለትም ስልኩ ውስጥ በሚጫን ዲጂታል ሲም፣ ብቻ ነው የሚሠራው። ሁለት ሲም እያቀያየረች ለምትጠቀም እናት ይህን መላክ ስጦታ ሳይሆን ፈተና ነው። በክፍያ ውል የተገዛ ስልክም ብዙ ጊዜ በኩባንያው ኔትወርክ ይቆለፋል፤ ሳታስከፍቱት እንዳትልኩ።

አዲስ ይሻላል ወይስ ያገለገለ የሚለው ጥያቄ የመጣው ከዋጋው ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ ይመራ ከተባለ ወዲህ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ሲያልፍ፣ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ አብሮት ወጣ። ዩሮ ይዞ ለመጣ ሰው ያን ያህል ላይሰማው ይችላል። ደሞዙ በብር ለሆነ ሰው ግን አዲስ ላፕቶፕ የወራት ደሞዝ ነው። ስለዚህ ፒያሳም ሂዱ ቧንቧ ውሃ፣ ኤሌክትሮኒክስ ቤት ስትገቡ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ "አዲስ ነው ስላይትሊ?" ብለው ነው፤ ስላይትሊ የሚሉት ያገለገለውን ነው።

መጀመሪያ የገባሁት አዲስ ስልክ ብቻ የሚሸጥበት ነው። መስተንግዶው የወሎ ነው በቃ፤ ቁጭ በይ፣ ሻይ ይምጣልሽ፣ ከየት ነሽ፣ የማን ልጅ ነሽ። የማን ልጅ እንደሆንኩ ከታወቀ በኋላ ዋጋው ትንሽ ወረደ። ቴክኖ፣ ኢንፊኒክስና አይቴል ሞልተዋል። ሦስቱም የአንድ ኩባንያ፣ የትራንሽን፣ ልጆች ናቸው፤ ቴክኖ እንዲያውም እዚሁ አገር ይገጣጠማል። ሳምሰንግም አለ። ዋስትናውስ? አንድ ዓመት። ሲበላሽ የት ነው የሚሠራው? "አዲስ አበባ እንልከዋለን።" እንግዲህ 400 ኪሎ ሜትር ነው። ልጁን ግን አልቀየምኩትም፣ ሳልጠይቀው ራሱ ነው "ለትንሽ ብልሽት እዚሁ አሠሪው፣ ዋስትና ብለሽ አትልፊ" ያለኝ። እንዲህ የሚል ሻጭ ደስ ይለኛል። ስልኩን ጥሩ ብዬ ተነሳሁ፣ ያገለገለውንም ሳላይ መግዛት ስላልፈለግኩ።

ያገለገለ ስልክ የሚሸጥበት ሱቅ ግን አናደደኝ፤ ስሙን አልጠራም። መስታወቱ ውስጥ የተደረደረው ሁሉ ያብለጨልጫል፣ ሁሉም "ከዱባይ የመጣ፣ ያልተነካ" ነው። አንድ አይፎን አወጣልኝ፤ የባትሪው ጤና 100 ይላል። የአምስት ስድስት ዓመት ስልክ 100 ካለ ወይ ባትሪው ተቀይሯል ወይ ቁጥሩ ተነካክቷል። አፕል ራሱ አይፎን 14ና ከዚያ በፊት ያሉት ከ500 ሙሉ ቻርጅ በኋላ 80 በመቶ እንዲይዙ ነው የተሠሩት ይላል። ሴቲንግ ውስጥ ገብቼ፣ ጀነራል፣ ከዚያ አባውት የሚለውን ነካሁ። ስክሪኑም ባትሪውም "ያልታወቀ ዕቃ" ተብለው ተጽፈዋል። ለልጁ አሳየሁት።

"አብሽሪ እህቴ፣ ኔትወርክ ስለሌለ ነው እንደዚያ የሚለው።"

ከኔትወርክ ጋር ምን አገናኘው! የተቀየረ ስክሪን በራሱ ነውር አይደለም፣ ተቀይሯል ብለህ ቀንሰህ ሽጥ። የከፋው ሦስተኛው ስልክ ላይ መጣ፤ ሪሴት አድርገህ (ያለውን ሁሉ አጥፍተህ እንደ አዲስ አስነስተህ) አሳየኝ ስለው "ያኔ ፓስወርድ ይጠይቃል" አለ። የቀድሞው ባለቤት አካውንት አልወጣለትም ማለት ነው። እንዲህ ያለ ስልክ ርካሽ ነው ብላችሁ እንዳትነኩት፣ የተሰረቀም ሊሆን ይችላል፣ አንድ ቀን ሲቆለፍም ማንም አይከፍትላችሁም። አንድሮይድም ያው ነው፣ የድሮው የጉግል አካውንት ካልወጣለት ሪሴት ሲደረግ እሱኑ ነው የሚጠይቀው።

ሳምሰንግ ለምታዩ ደግሞ መደወያው ላይ ኮከብ መሰላል ዜሮ ኮከብ መሰላል (*#0*#) ምቱ። የመፈተሻ ገጽ ይወጣል፤ ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ስክሪን እያፈራረቀ ያሳያችኋል፣ የተቃጠለ ጥላ ካለ በዚያ ይታወቃል። ከዚያ *#06# ምቱና የሚወጣውን ቁጥር ከካርቶኑ ጋር አስተያዩት። እዚያ ሱቅ ካየኋቸው ውስጥ ከካርቶኑ ጋር የገጠመ አላገኘሁም። ካርቶኑ ለብቻው ይገዛል መሰለኝ።

የዚህ ሁሉ ነገር ልዩነቱ ጀርመን ላይ ጎልቶ ይታየኛል። እዚያ ሪፈርቢሽድ (የታደሰ) ብሎ የሚሸጥ ነጋዴ ያገለገለ ዕቃ ላይም ቢያንስ አንድ ዓመት ይጠየቅበታል፣ በኦንላይን ከገዛሁ ደግሞ በ14 ቀን ውስጥ ያለ ምክንያት መመለስ እችላለሁ። ስልኬም ላፕቶፔም እንደዚያ የተገዙ ናቸው፣ አዲስ ከገዛሁ ቆይቻለሁ። ደሴ ላይ ግን ፈታሿም ዋስትናዋም እኔው ነኝ። ስልክ ደግሞ ለመፈተሽ አስቸጋሪ ነው፤ ተጣብቆ የተዘጋ ነው፣ ውስጡ ውሃ ገብቶ ይሁን አይሁን ከውጭ አይታይም። ስለዚህ ወደመጀመሪያው ሱቅ ተመልሼ ለእናቴ አዲስ ሳምሰንግ ገዛሁ፣ መካከለኛውን። የሶፍትዌር ማሻሻያው ገና ብዙ ዓመት ይመጣለታል፣ ቴሌብርና የባንክ አፕ ለምትጠቀም ሴት ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። ያገለገለ አይፎን የሚያማልላችሁ ካላችሁም ይህን እወቁ፤ አይኦኤስ 26 ከአይፎን 11 በታች አይጫንም። ደሴ ላይ አሁንም ቴንኤስና ቴንአር በጥሩ ዋጋ ሊሸጡላችሁ ይሞክራሉ።

ላፕቶፑ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

ፎቅ ላይ ያለች ጠባብ ሱቅ ናት፣ የእህቴ ልጅ ከጓደኞቿ ሰምታ ነው የወሰደችኝ። የሚሸጡት በሙሉ የመሥሪያ ቤት ላፕቶፖች ናቸው፤ ቲንክፓድ፣ ዴል ላቲቲውድ፣ ኤችፒ ኤሊትቡክ። ውጭ አገር ያሉ ትልልቅ ኩባንያዎች እነዚህን ለሦስት ለአራት ዓመት ተጠቅመው በጅምላ ያስወግዳሉ፣ ከዚያ በዱባይ በኩል ዞረው ይመጣሉ። ለእንዲህ ዓይነት ሥራ የተሠሩ ስለሆኑ ጠንካራ ናቸው፣ በቀላሉ ይከፈታሉ፣ ራምና ዲስካቸው በብዙዎቹ ላይ ይቀየራል። በዚያው ገንዘብ የሚገኘው አዲስ ላፕቶፕ ፕላስቲኩ የሚንቀጠቀጥ፣ 4 ጊጋ ራም ያለው፣ ዌብሳይት ሦስት ስትከፍት የሚያቃስት ነው። ሶፍትዌር ለምትማር ልጅ እሱን መግዛት ገንዘብ መጣል ነው።

አንዱን ቲንክፓድ ስከፍተው ዜድና ዋይ ቦታ ተለዋውጠዋል። የጀርመን ኪቦርድ! ላዩ ላይ የእንግሊዝኛ ተለጣፊ ለጥፈውበታል፣ አንዱ ጥግ ተነስቶ ከስሩ የጀርመንኛው ፊደል ብቅ ብሏል። ምናልባት ከኔ ሰፈር መሥሪያ ቤት ነው ደሴ ድረስ የመጣው፣ እኔ ኪሎ ፈርቼ የተውኩትን እሱ ቀድሞኝ ገብቷል። ሻጩን "ይሄ የኛ አገር ነው" ስለው "እንግዲያው ዋጋ ጨምሪበት" ብሎ አሳቀን።

ለላፕቶፕ ዋናው ነገር ፕሮሰሰሩ ስንተኛ ትውልድ ነው የሚለው ነው። ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ድጋፉ አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 በይፋ የሚደግፈው ደግሞ ከኢንቴል 8ኛ ትውልድ ጀምሮ ያለውን ነው፣ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደህንነት ቺፕም ይጠይቃል። ገበያው ላይ ያሉት ርካሾቹ 6ኛና 7ኛ ትውልድ ናቸው፤ አውሮፓ ውስጥ የተጣሉትም አንድም ለዚህ ነው። "ኮር አይ ሰቨን ነው!" ሲሏችሁ አትደንግጡ። 6ኛ ትውልድ አይ ሰቨን ከመግዛት 8ኛ ትውልድ አይ ፋይቭ መግዛት ይሻላል። በዊንዶውስ ፈንታ ሊኑክስ የሚባለውን ሲስተም እጭናለሁ ለሚል ሰው ካልሆነ በቀር።

ሻጩ የፈለግነውን ሁሉ እንድንፈትሽ ፈቀደልን፣ ይሄ ነው ሱቁን የወደድኩበት። ኢንተርኔት አገናኝተን ከነጭራሹ ጠርገን ዊንዶውሱን እንደ አዲስ ጫንነው፤ ምክንያቱም አንዳንዱ የኩባንያ ላፕቶፕ ተጠርጎ ኢንተርኔት ሲያገኝ የድሮ መሥሪያ ቤቱን ስም አምጥቶ የሠራተኛ ፓስወርድ ይጠይቃል። የኛው አልጠየቀም። ባዮሱም (ማሽኑ ሲነሳ ቀድሞ የሚሠራው መሠረታዊ ፕሮግራም) በፓስወርድ አልተቆለፈም። ከዚያ ልጅቷ ትእዛዝ በሚጻፍበት ጥቁር መስኮት የባትሪ ሪፖርት አወጣች። ሲሠራ 50 ዋት ሰዓት የነበረው ባትሪ ከ30 ትንሽ ከፍ ብሎ ነው የሚይዘው። ሻጩ ሪፖርቱን አይቶ አልተከራከረም፣ ወይ ቀንሼ ልስጥሽ ወይ ባትሪ ልቀይርልሽ አለ። ቀንስልኝ አልኩት። ባትሪውን የት እንደምቀይር አውቃለሁ።

ወደ ጥገናው ልምጣ፣ የዚህ ጉዞ ምርጥ አገልግሎት እሱ ነው። ከመናፈሻ ወረድ ብሎ አንድ በር ብቻ ያላት ሱቅ ናት፣ ውስጧ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው ደጅ ይቆማል። ባለሙያው ቁጥብ ነው። የእናቴን አሮጌ ስልክ ሰጠሁት፣ ቻርጅ አልቀበል ብሎ ነበር። በሙቀት ማሽኑ ጀርባውን አለስልሶ፣ በቀጭን ፕላስቲክ ዙሪያውን ገፋ ገፋ እያደረገ ከፈተው። ማይክሮስኮፑ ስር አድርጎ ነይ እይ አለኝ። የቻርጅ መሰኪያው ውስጥ የተጠቀጠቀ ነገር አለ፤ በመርፌ አወጣውና ነጭ ወረቀት ላይ አስቀመጠው። የነጠላ ክር! እናቴ ስልኳን ነጠላዋ ጫፍ ላይ ቋጥራ ነው የምትዞረው። ሊቀየር ነበር የተባለውን መሰኪያ አጽድቶ መለሰው፣ ያስከፈለኝም የማጽጃ ብቻ ነው። መሰኪያ ቀይሬአለሁ ቢለኝ በምን አውቅበት ነበር? ያ ስልክ አሁን የአክስቴ ሆኗል።

ጨዋታ ስንጀምር በ2014 ጦርነቱ ደሴ ሲገባ የሥራ ዕቃው በሙሉ እንዳለቀ፣ በውሰት ካውያ እንደገና እንደጀመረ ነገረኝ። ብዙም አላራዘመው፣ እኔም አልጠየቅኩትም።

የላፕቶፑንም ባትሪ የቀየረው እሱ ነው። ኮፒና ኦርጂናል ብሎ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጦ አሳየኝ፣ ዋጋቸውንም ነገረኝ፣ ምረጪ አለኝ። ኦርጂናሉን መረጥኩ። ይህን ሰውዬ ካገኘሁ በኋላ ነው ባገለገለው ላፕቶፕ ሙሉ ለሙሉ የተማመንኩት። አጠገባችሁ የሚጠግን ሰው ካለ ያገለገለ ግዙ፤ ከሌለ፣ ለምሳሌ ባቲ ወይም ወረኢሉ ገባ ብሎ ለሚኖር ዘመድ ከሆነ፣ አዲስ ግዙና ቀላሉን፣ መለዋወጫው የትም የሚገኘውን ምረጡ። ፓወር ባንክ፣ የጆሮ ማዳመጫና ባትሪ ብቻውን ግን ያገለገለ ጭራሽ አትግዙ። እነሱ ላይ የሚታደስ ነገር የለም።

የአከፋፈሉን ነገርም ልንገራችሁ። በየሱቁ "በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?" ይላሉ። ያለ ደረሰኝ 15 በመቶው ቫት ስለሚቀር ያጓጓል። እኔ በደረሰኝ ገዛሁ፣ የላፕቶፑን መለያ ቁጥርም በእጁ አጻፍኩበት፣ "የሦስት ወር ዋስትና" ብሎ ፈረመበት። ክፍያውን በቴሌብር አደረግኩት፣ መልእክቱ ስልክ ላይ ይቀራል።

ስትሄዱ ጠዋት ሂዱ። ከሰዓት መብራት ሊጠፋ ይችላል፣ መብራት ከሌለ ቻርጅ መቀበሉን ማየት አይቻልም፣ "አብሽሪ ይሠራል" በሚል ተስፋ ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ዓርብ ከሆነ ደግሞ በጁምዓ ሰዓት ብዙዎቹ ሱቆች ይዘጋሉ። የኛ ሰውዬ ከሶላት ሲመለስ ደጁ ላይ የሚጠብቀው ወረፋ ረጅም ስለሚሆን፣ ሐሙስ ብትሄዱ ይሻላል።