ለሰፈራችን የእሳት አደጋ ካፒቴን ምስጋና፣ ሲያትል ላላችሁ ሐበሾች ደግሞ ጥቆማ

ሰላም ወገኖች፣ በተለይ ሬይነር ቫሊ እና ሬይነር ቢች አካባቢ ያላችሁ። አንድ ሰው በአደባባይ ማመስገን አለብኝ፣ የሰፈራችን እሳት አደጋ ጣቢያ ካፒቴን ነው። ስሙን ሳላስፈቅድ አልጽፍም፣ ስራውን ግን ሁላችሁም እንድታውቁት እፈልጋለሁ።

ከኛ በላይ ያለው ፎቅ ላይ ብቻቸውን የሚኖሩ እናት አሉ፣ ህንጻው ውስጥ ያለን ሐበሾች ሁላችንም እማማ ነው የምንላቸው። እንጀራ እየጋገሩ ምጣዱ የተሰካበት ኤክስቴንሽን ከካቢኔቱ ጀርባ ቀለጠና ኩሽናው ጭስ በጭስ ሆነ፣ አላርሙ ሲጮህ እማማ ነጠላቸውን እንኳ ሳያነሱ ወጡ፣ ግን በሩን ስበው ዘግተውት ነው የወጡት (ይሄን ያዙልኝ እመለስበታለሁ)። እኔ 911 ደወልኩ፣ መኪናው ከመቼው ደረሰ ሳልል ሳይረኑ በራችን ላይ ነበር።

መጀመሪያ የወረደው ካፒቴኑ ነው። በቲቪ እንደምናየው ቱቦ ይዞ ዘሎ የሚገባ ነበር የመሰለኝ፣ እሱ ግን በፍጥነት ህንጻውን ዞሮ አየ፣ ስንት ፎቅ እንደሆነ፣ ጭሱ በየት በኩል እንደሚወጣ፣ ከለሩ ምን እንደሚመስል በሬድዮ ተናገረ፣ ማዘዝ የጀመረው ከዛ በኋላ ነው። እኔን የጠየቀኝ አጭር ነበር፣ ውስጥ የቀረ ሰው አለ ወይ፣ በሩ ተዘግቷል ወይ፣ ምን ነበር የተሰካው። ድምጹ ከፍ አላለም፣ የተደናገጠውም ሰው እሱን እያየ ተረጋጋ።

እሳቱን ቶሎ ነው ያጠፉት። እኔን የነካኝ ከዛ በኋላ የሆነው ነው። ግድግዳው ውስጥ እሳት ተደብቆ እንዳይቀር በሙቀት ካሜራ እያዩ መክፈት ነበረባቸው፣ እማማ ደግሞ ኮሪደር ላይ ቆመው "የእመቤቴ ስዕል፣ የእመቤቴ ስዕል" እያሉ ያለቅሳሉ። ለካፒቴኑ ተርጉሜ ነገርኩት። ሰራተኞቹን አስቆማቸውና ስዕሏን በሁለት እጁ አውርዶ ለእማማ ሰጣቸው፣ ሶፋውንና አልጋውን በትልቅ ሸራ አስሸፈነ፣ ከዛ ነው ግድግዳው የተነካው፣ እሱም ካሜራው ያሳየውን ቦታ ብቻ። እማማ "ልጄ እድሜህ ይርዘም" ብለው ግንባሩን ሳሙት።

በኋላ እማማ ዳቦ ደፍተው እኔን አስከትለው ለምስጋና ጣቢያው ሄድን፣ ያኔ ነው ይሄ ስራ ምን እንደሆነ በደንብ የገባኝ። እውነት ለመናገር ካፒቴን ማለት የመኪናው አለቃ ብቻ ይመስለኝ ነበር። መኪናው ላይ አራት ሆነው ነው የሚወጡት፣ አለቃው ሾፌሩና ሁለት ሰራተኞች፣ ሺፍታቸው 24 ሰአት ነው፣ እዛው ይበላሉ እዛው ይተኛሉ። ባታሊዮን ቺፉ (ከካፒቴን በላይ ያለው አለቃ) መጥቶ እስኪረከብ ድረስ የቦታው አዛዥ ቀድሞ የደረሰው መኪና አለቃ ነው፣ ተጨማሪ መኪና ይጠራ፣ ሰው ይግባ አይግባ፣ ውሃው በየት ይሂድ፣ በሰከንዶች ውስጥ የሚወስነው እሱ ነው። ሁለት ሰው የሚቃጠል ቤት ከገባ ሁለት ሰው ደግሞ ለማዳን ዝግጁ ሆኖ ውጪ መቆም አለበት የሚል የፌዴራል ህግ አለ፣ ሰው ውስጥ ቀርቶ ህይወቱ የሚድን ከሆነ ግን ያንን ሳይጠብቁ መግባት ይቻላል። ሰው አለ ወይ ብሎ አጥብቆ የጠየቀኝ ለካ ለዚህ ነው፣ የኔ መልስ የልጆቹን ህይወት የሚነካ ነገር ነበር።

እሳት በሌለበት ቀንም ስራው አያልቅም፣ መሳሪያና ጀርባቸው ላይ የሚያዝሉትን ኦክስጅን ማስፈተሽ (እኛ ኦክስጅን እንለዋለን እንጂ የታመቀ አየር ነው)፣ አዲስ ገቢዎችን ማሰልጠን፣ ህንጻ ኢንስፔክሽን፣ ሪፖርት መጻፍ። ደግሞ አብዛኛው ጥሪ እሳት ሳይሆን ህክምና ነው፣ ልቡ የቆመ፣ የወደቀ፣ መተንፈስ ያቃተው ሰው፣ ለዚህ ነው የሲያትል እሳት አደጋ ሰራተኛ ሁሉ ኢኤምቲ (የድንገተኛ ህክምና ባለሙያ) የሆነው።

ልጆቻችሁን እዚህ የምታሳድጉ ይቺን ልብ በሉ። ለመጀመር ኮሌጅ ግዴታ አይደለም፣ ሃይስኩል ዲፕሎማ ወይም ጂኢዲ (የሃይስኩል ምትክ ፈተና)፣ የጽሁፍ ፈተና፣ ጤና ምርመራ፣ የጀርባ ታሪክ ማጣራት፣ ከዛ ሲፓት የሚባል የጉልበት ፈተና አለ። 50 ፓውንድ ቬስት ለብሰው ስምንት ስራ በ10 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ መጨረስ ነው፣ ደረጃው ላይ ደግሞ ሌላ 25 ፓውንድ ይጨመራል። ከዛ አካዳሚ፣ ከዛ የሙከራ ጊዜ። ካፒቴን ለመሆን ግን ጉልበት ብቻ አይበቃም፣ አመታት ሰርቶ፣ ተወዳድሮ መጀመሪያ ሌተናንት (ከካፒቴን በታች ያለ ማዕረግ) ሆኖ፣ እንደገና ለካፒቴን ይፈተናል፣ መጽሐፍ አጥንቶ፣ በምናብ የተሰጠ ቃጠሎ ላይ እንዴት ትዕዛዝ እንደሚሰጥ አሳይቶ ነው። ሰው በእጁ ሊሞት የሚችልበት ስራ ነውና እንዲህ መፈተኑ ደስ ይለኛል። የኛም ልጆች እዛ መኪና ላይ ቢታዩ ምን አለበት? እማማ በር ላይ አማርኛ የሚችል ቢመጣ እኮ እኔ አላስፈልግም ነበር።

አሁን ካፒቴኑ የነገረንን እንዳለ ላካፍላችሁ። ምጣድ 1500 ዋት ገደማ ይስባል፣ ያንን ቀጭን ኤክስቴንሽን ላይ ሰክቶ ረጅም ሰአት መጋገር ሽቦውን ያቀልጠዋል፣ ስለዚህ ቀጥታ ግድግዳ ላይ ብቻ ይሰካ፣ እዛው መስመር ላይ ማይክሮዌቭ ምናምን አይጨመር። እጣን ሲጨስ አላርሙ ይጮሃል ብላችሁ ባትሪ የምታወጡ ወይ በፌስታል የምትሸፍኑ ባካችሁ ተዉ፣ መስኮት ክፈቱ፣ ፋን አብሩ፣ በወር አንዴ ቁልፉን ተጭናችሁ ሞክሩት፣ 10 አመት ከሞላው ይቀየር። ከሰል ደግሞ ለቡናም ቢሆን ቤት ውስጥ አይነድም፣ የካርቦን ሞኖክሳይዱ ሽታ የለውም። በ2006 ዲሴምበር እዚሁ ሲያትል አካባቢ በከባድ ንፋስ መብራት የጠፋ ጊዜ ቤት ውስጥ ከሰል አንድደው ከተመረዙት ብዙዎቹ እንደኛው ስደተኞች ነበሩ፣ የሞቱም አሉ።

የበሩ ነገር፣ እማማ በሩን ዘግተው በመውጣታቸው ጭሱ ኮሪደሩን አልሞላውም፣ ካፒቴኑ ደጋግሞ አመሰገናቸው። የዛሬ ሶፋና ምንጣፍ ፕላስቲክ ነክ ስለሆነ እንደ ድሮው ቀስ ብሎ አይነድም፣ የዕቃ ደህንነት የሚፈትሸው ተቋም ዩኤል ሁለቱን ጎን ለጎን አቃጥሎ ሲሞክር የድሮ ዕቃ ያለበት ክፍል ሙሉ በሙሉ በእሳት ለመያዝ 29 ደቂቃ ሲፈጅበት አዲሱ 4 ደቂቃ እንኳ አልሞላም። ስለዚህ ውጡ፣ ዝጉ፣ ደውሉ፣ ለፓስፖርትም ለወርቅም አትመለሱ።

ብዙ ሰው 911 የማይደውለው ቢል ይመጣብኛል ወይ ወረቀቴን ይጠይቁኛል ብሎ ፈርቶ ነው። እሳት ሊያጠፉ ስለመጡ ሲያትል ላይ ቢል የለም፣ አምቡላንስ ሆስፒታል ከወሰዳችሁ ያ ሌላ ጉዳይ ነው፣ እዚህ የመጡት ልጆች ግን ከማንም ወረቀት አልጠየቁም። እንግሊዝኛ ካስቸገራችሁ "አምሃሪክ" ብቻ በሉ፣ አስተርጓሚ መስመር ላይ ያስገባሉ። በ2010 ጁን ፍሪሞንት ላይ በአንድ ቃጠሎ አራት ልጆችና አንዲት ወጣት ከአንድ ሐበሻ ቤተሰብ ያጣን ሰዎች ነን፣ ስለዚህ ይሄ ነገር ለኛ የሩቅ ወሬ አይደለም።

የሲያትል እሳት አደጋ መስሪያ ቤት በአማርኛ፣ በትግርኛ፣ በኦሮምኛ የሚያስተምሩ የማህበረሰብ ሰዎች አሉት፣ ለቤተክርስቲያን፣ ለመስጊድ፣ ለእድር ስብሰባ ይጠሩ። እኛ ህንጻችን ላይ ለማስመጣት ከማናጀሯ ጋር ተነጋግረናል፣ እማማ ቡናውን እኔ አፈላለሁ ብለዋል፣ በኤሌክትሪክ ምድጃ ነው። የእናንተ ህንጻ ላይም እንዲመጡ ከፈለጋችሁና ደውሎ ለመጠየቅ ቋንቋ ካስቸገራችሁ ኢንቦክስ አድርጉኝ፣ አብሬያችሁ እደውላለሁ።

ካፒቴን፣ አንተም ልጆችህም እግዚአብሔር ይስጥልን። ይሄን ጽሁፍ ተርጉሜ ጣቢያው ድረስ አመጣልሃለሁ።