የ100-400 ሌንስ ለሰንበርድ፦ ስምንት ወር ከያዝኩት በኋላ

ሌንሱን የገዛሁት ያገለገለ ነው። ከዚያ በፊት 150-600 ሚሊ ሜትር ነበረኝ (ቁጥሩ በበዛ ቁጥር ሩቁን ያቀርባል)፣ ሲያዩት የሚያስፈራ። ለንስርና ለጥንብ አንሳ ግሩም ነው። ለሰንበርድ ግን ጉድ ሠራኝ።

ሰንበርድ የምለው እሬት አበባ ላይ ተንጠልጥላ ቆልመም ያለ መንቁሯን እየሰካች ማር የምትመጠውን ትንሽዬ ወፍ ነው። ሃሚንግበርድ የሚላት ሰው ብዙ ነው፤ አይደለችም። ሃሚንግበርድ ያለው ሰሜንና ደቡብ አሜሪካ ብቻ ነው። ሰንበርድ ደግሞ አየር ላይ ቀጥ ብላ ከመምጠጥ ይልቅ አብዛኛውን ጊዜ አርፋ ነው የምትበላው። ለእኛ ለፎቶ አንሺዎች እፎይ ነው።

የድሮው ሌንሴ ችግር ምን መሰላችሁ? ከ3 ሜትር ገደማ በታች ፎከስ አያደርግም፣ ማለት ምስሉን አያጠራም። ወፏ ደግሞ አንድ ቦታ ጸጥ ብላችሁ ከተቀመጣችሁ ትለምዳችኋለች። አንድ ጠዋት እሬቱ ሥር ተቀምጬ፣ ወንዱ እግሬ አጠገብ ወዳለው አበባ መጣ፣ ሁለት ሜትር አይሞላም፣ ሌንሱ ዚር ዚር እያለ ፎከስ ፍለጋ ሲንከራተት እሱ ጠጥቶ፣ መንቁሩን ቅርንጫፉ ላይ ጠርጎ ሄደ። አንድም ፎቶ የለኝም። ለካ እኔ ስገዛ ያየሁት 600 የሚለውን ቁጥር ብቻ ነበር።

ይሄኛው፣ 100-400ው፣ ከ1 ሜትር ጀምሮ ይይዛል። ልዩነቱ የሰማይና የምድር ነው። ግንባሯ ላይ የተለጠፈው ቢጫ የአበባ ብናኝ ሳይቀር ይታያል። ቱቦው የረዘመባትን አበባ ከሥሩ በስታ ማሩን ስትሰርቅም ይዣታለሁ።

ድክመቱ ብርሃን ላይ ነው። 400 ላይ ስትደርሱ ብርሃን የሚያስገባው ቀዳዳ ቢበዛ 5.6 ነው፣ ጠበብ ያለ። በማለዳ፣ ጥላ ሥር፣ የሚርገበገብ ክንፏን ሳይደበዝዝ ልያዝ ብላችሁ ሹተሩን (ብርሃን የሚገባበትን ጊዜ) 1/2000 ሰከንድ ስታደርጉት አይኤስኦው (የካሜራው የብርሃን ስሜት) ይሰቀልና ፎቶው አሸዋ አሸዋ ይላል። ስታርፍ ጠብቁ፣ 1/500 ይበቃል። ከጀርባችሁ ፀሐይ ካለ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከተከዜ ወንዝ ስሙን ያገኘው ታካዜ ሰንበርድ ለምሳሌ፣ ወንዱ ጥላ ውስጥ ጥቁር ብቻ ነው፤ ትንሽ ዞር ሲልና ብርሃን ሲያገኘው ሐምራዊው ቦግ ይላል። አንጸባራቂው ቀለም የሚፈጠረው ብርሃኑ ላባው ላይ ሲነጥር ነው፤ ማዕዘኑ ከተሳሳተ የትኛውም ሌንስ አያመጣላችሁም።

ሌላው፣ ዙም ስታደርጉ ሌንሱ ወደ ፊት ይረዝማል። ቅርብ ያለች ወፍ እሱን አይታ ትበራለች። እኔ አስቀድሜ 400 ላይ አድርጌ ነው የምጠብቃት። ሌንሱን ከትራይፖዱ (ባለ ሦስት እግር መቆሚያው) ጋር የሚያያይዘው ቀለበት ደግሞ ይላላል፤ ሻጩ «ምንም የለውም» ብሎኝ ነበር፣ እኔም አላጠበቅኩ አላየሁ፣ ጥፋቱ የጋራ ነው።

ቅርብ ይይዛል ተብሎ ጎጆዋ ድረስ መሄድ ግን ነውር ነው። በሸረሪት ድር የተያያዘች ተንጠልጣይ ከረጢት ናት፣ በጎን ቀዳዳ ያላት። ወፏ ስትገባ ስትወጣ ካያችሁ ራቅ በሉ።

ለአበባ ወፍ ከሆነ ይሄን ግዙ። 600ውን ግን አልሸጥኩትም። ንስሩንስ በምን ላነሳው?