የተደበቀ ጥገኝነት፦ ኮዱን እንመርምር ወይስ የጊትን ታሪክ?

አንዳንድ የፕሮግራም ፋይሎች በኮዱ ላይ በግልጽ ሳይታይ አንዱ በሌላው ላይ ይመካሉ። ለምሳሌ አንዱ ፋይል ቀኑን «ቀን/ወር/ዓመት» አድርጎ ይጽፋል፤ ሌላው ያንኑ ያነባል። በመካከላቸው አንድም ኢምፖርት (አንዱ ፋይል ሌላውን የሚጠራበት መስመር) የለም። ኮድ ብቻ የሚያነብ መሣሪያ ሁለቱን ባዳ ናቸው ይላል። ፈጣን ነው፤ ዛሬ በተጀመረ ፕሮጀክት ላይም ይሠራል። ግን የሚያየው በግልጽ የተጻፈውን ብቻ ነው።

ጊት (የኮድ ለውጦችን የሚመዘግብ መሣሪያ) የሚይዘው ታሪክ ደግሞ አብረው የተቀየሩትን ፋይሎች ያሳያል። የመጀመሪያው ፋይል 12 ጊዜ ሲነካ በ9ኙ ሁለተኛውም ከተነካ፣ ትስስሩ 75 በመቶ ነው። የሶፍትዌር ተመራማሪው ሃራልድ ጋልና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1998 ባሳተሙት ጥናት የአንድ ግዙፍ የቴሌኮም ሲስተም 20 ቨርዥኖች ታሪክ በተመሳሳይ ሐሳብ፣ አብረው የሚቀየሩትን ክፍሎች በመፈለግ ፈትሸዋል። እርግጥ የማይገናኙ ለውጦች አንድ ኮሚት (በአንድ ጊዜ የሚመዘገብ የለውጥ ጥቅል) ውስጥ ከታጨቁ ቁጥሩ ያሳስታል።

አሮጌ ኮድ ለመጠገን የተቀመጠ ሰው ግን፣ በእኔ እምነት፣ መጀመሪያ ታሪኩን ይክፈት። ኢምፖርት ሳይኖራቸው አብረው የሚቀየሩትን ጥንዶች ይለይ። አንዱን አስተካክሎ ሌላውን የሚረሳው እዚያ ላይ ነው።