ለትራንስፎርመር ዋና ብሬከር ሲገዛ፦ ባለ 10፣ ባለ 25 ወይስ ባለ 36 ኪሎ አምፔር?

በኮምቦልቻ የዱቄት ወፍጮ ወይም የብረታ ብረት ሥራ የሚከፍት ሰው የራሱን ትራንስፎርመር ካስተከለ በኋላ ወደ ኤሌክትሪክ ዕቃ መደብር ሲሄድ አብዛኛውን ጊዜ የሚጠይቀው «ባለ 500 አምፔር ብሬከር (ከረንት ሲበዛ ራሱ የሚያቋርጥ ማብሪያ ማጥፊያ) አለ?» ብሎ ነው። ይህ ቁጥር ብሬከሩ በዘወትር ሥራ የሚሸከመውን ጭነት እንጂ ሾርት (ሽቦዎች ያለ ጭነት በቀጥታ መገናኘት) ሲፈጠር ሳይፈነዳ ሊያቋርጠው የሚችለውን ከረንት አይገልጽም። ይህ ሁለተኛው መጠን የሚጻፈው በኪሎ አምፔር (በሺህ አምፔር) ሲሆን፣ ተመሳሳይ በሚመስሉ ብሬከሮች መካከል ዋጋን የሚያራርቀውም በአብዛኛው እሱ ነው።

የሾርት ከረንቱ ስሌት ከባድ አይደለም። የ315 ኬቪኤ (የትራንስፎርመር አቅም መለኪያ) ትራንስፎርመር በ400 ቮልት የሚሰጠው ሙሉ ከረንት 315,000 ለ1.732 እና ለ400 ብዜት ተካፍሎ 455 አምፔር ገደማ ነው። በትራንስፎርመሩ የመረጃ ሰሌዳ ላይ ያለው ኢምፒዳንስ (ለከረንት ያለው ተቃውሞ) 4 በመቶ ከሆነ፣ 455 ለ0.04 ሲካፈል የሾርት ከረንቱ 11.4 ኪሎ አምፔር ይሆናል። ትራንስፎርመሩን የሚመግበውን መስመር የራሱን ኢምፒዳንስ ስላልቆጠርን እውነተኛው በጥቂቱ ያንሳል፤ ስሕተቱ ግን ወደ ደህናው ወገን ነው። በዚሁ መንገድ 630 ኬቪኤ በ4 በመቶ 22.7፣ 1000 ኬቪኤ በ6 በመቶ 24፣ በ5 በመቶ ግን 28.9 ኪሎ አምፔር ስለሚሰጥ ሰሌዳውን ሳያነቡ መግዛት አይገባም።

ባለ 10 ኪሎ አምፔሩ ኤምሲቢ (ትንሹ የብሬከር ዓይነት) ከ315 ኬቪኤ ትራንስፎርመር አጠገብ ቦታ የለውም። በ16 ካሬ ሚሊ ሜትር የመዳብ ኬብል 50 ሜትር ርቆ በሚገኝ ፓነል ላይ ግን የሾርት ከረንቱ ወደ 3.5 ኪሎ አምፔር ስለሚወርድ ባለ 6 ኪሎ አምፔሩም ይበቃል።

ለዋናው ማቋረጫ ንጽጽሩ በባለ 25 እና በባለ 36 ኪሎ አምፔር ኤምሲሲቢ (ለከፍተኛ ከረንት የሚሆነው ትልቁ ብሬከር) መካከል ነው። ለ315 ኬቪኤ ባለ 25ቱ በቂ ነው፤ ለ36 ተጨማሪ ገንዘብ ማውጣትን አልመክርም። ወደ 630 ማደግ የታሰበ ከሆነ ግን በብሬከሩ ፊት ላይ ያሉትን ትንንሽ ጽሑፎች በጥሞና ማንበብ ያስፈልጋል። እዚያ ለ230 ቮልት አንድ፣ ለ400 ወይም ለ415 ቮልት ሌላ፣ ያነሰ ቁጥር ይገኛል፤ ለእኛ የሚሠራው ሁለተኛው ነው። ቀጥሎም አይሲዩ እና አይሲኤስ የሚባሉ ሁለት መጠኖች አሉ። አይሲዩ ብሬከሩ ሊያቋርጠው የሚችለው የመጨረሻ መጠን ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ለሥራ ላይበቃ ይችላል፤ አይሲኤስ ግን አቋርጦ አገልግሎቱን የሚቀጥልበት ነው። አይሲኤሱ 50 በመቶ የሆነ ባለ 36 ብሬከር በዚህ መለኪያ 18 ብቻ ስለሆነ፣ 100 በመቶ የሆነው ባለ 25 ይበልጠዋል። ነገር ግን እየዞሩ ያሉ ሞተሮች በሾርቱ ቅጽበት ከሙሉ ከረንታቸው አራትና አምስት እጥፍ መልሰው ስለሚገፉ፣ 22.7 የነበረው 25ን ሊያልፍ ይችላል። ብዙ ሞተር ላለው 630 ኬቪኤ የምመርጠው አይሲኤሱ 100 በመቶ የሆነ ባለ 36 ነው።

ዕቃው ከኮምቦልቻ የሐረጎን አቀበት ወጥቶ ደሴ የሚተከል ከሆነ አንድ ጥያቄ ይጨመራል። የእነዚህ ብሬከሮች መደበኛ መጠን የሚያገለግለው እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ነው። ኮምቦልቻ ከዚያ በታች ስትሆን ደሴ ግን ወደ 2500 ትጠጋለች፤ አየሩ ሲሳሳ ማቀዝቀዙም መከለሉም ይቀንሳል። ስለዚህ ሻጩ የአምራቹን የከፍታ ቅናሽ ሰንጠረዥ እንዲያሳይ መጠየቅ፣ ከሌለው ሰንጠረዡ ያለውን ምርት መምረጥ ይገባል።