ፎርማት ይደረግ ላላለኝ ልጅ

እንደምን ሰነበታችሁ የጎንደር ልጆች፣ የጎንደር ወዳጆች? እኔ እዚህ የምጽፈው ብዙ ጊዜ መብራት ሄዶ እጄን አጣጥፌ ስቀመጥ ነው። ዛሬ መብራት አለ። ሥራዬን ያቆምኩት አንድ ልጅ ላመሰግን ብዬ ነው። ከጥምቀት በፊት ልጽፈው አስቤ ነበር። እንግዳው በዛ፣ ፎቶ ኮፒው በዛ፣ አለፈ።

ለማታውቁኝ፣ ማራኪ አካባቢ አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት አለችኝ። ማመልከቻ እጽፋለሁ። የተማሪ ሪሰርች አስተካክላለሁ፣ እጠርዛለሁ። አንድ ኮምፒዩተር፣ አንድ ፕሪንተር፣ አንዲት ረዳት። ኮምፒዩተሩ ሲቆም ሁላችንም እንቆማለን።

የማመሰግነው ልጅ ኮምፒዩተር ጠጋኝ ነው። ፒያሳ አንድ የሞባይል ሱቅ ውስጥ፣ ጥግ ላይ አንዲት ጠረጴዛ ተከራይቶ ይሠራል። ስሙን እንዳልጽፍ ለምኖኛል። «እትዬ፣ ሰው ከበዛብኝ እቸኩላለሁ፤ ከቸኮልኩ ደግሞ አበላሻለሁ» አለኝ። እንግዲህ እንዲህ ዓይነት ሰው ነው።

ከእሱ በፊት የማውቃቸው ጠጋኞች መድኃኒታቸው አንድ ነበር፤ ዲስኩን ሁሉ ጠርጎ እንደ አዲስ መጫን። ፎርማት። ኮምፒዩተሩ ተንቀራፈፈ? ፎርማት። ድምፅ አልሰማ አለ? ፎርማት። ራሱን ያመመውን ሰው አንገቱን እንደመቁረጥ ነው። በአንዱ ፎርማት የእህቴ ልጅ የሠርግ ፎቶ ሄደ። እስከዛሬ ሳገኛት ዓይኗን አላይም።

በዚያን ጊዜ የምጠቀመው ዊንዶውስ ነበር። እውነቱን እናውራና፣ የተገዛ አልነበረም፤ እንደ አብዛኞቻችን በክራክ የተጫነ ነው። በቀን ሠላሳ ተማሪ ሠላሳ ፍላሽ ይሰካብኛል። ከፍላሹ ጋር ቫይረሱም ይገባል። ያቺን ፋይሉን ደብቃ በቦታው መጠቆሚያ (ሾርትከት) የምታስቀምጠውን ቫይረስ የማያውቅ ጽሕፈት ቤት የለም። ይሄ ልጅ መጀመሪያ የመጣው ለእሷ ነበር። አየና «እኔ ባጸዳው ነገ ተመልሶ ይመጣል። ሌላ ነገር እንሞክር?» አለኝ። ሊኑክስ የሚባል፣ እንደ ዊንዶውስ ኮምፒዩተሩን የሚያሠራ ሌላ ሲስተም አለ፤ ኡቡንቱ የሚባለውን ዓይነቱን ጫነልኝ። ዊንዶውሱንም አላጠፋውም፤ ጎን ለጎን አስቀመጣቸው።

ሊኑክስን ሊኑስ ቶርቫልድስ የሚባል የፊንላንድ ተማሪ በ1991 እንደ ፈረንጆቹ እንደጀመረው፣ ኡቡንቱ ደግሞ በ2004 እንደመጣ የነገረኝ እሱ ነው። ነፃ ነው። የውስጥ አሠራሩም ለሁሉ ክፍት ነው፤ የፈለገ ያየዋል፣ ያስተካክለዋል። እኔ የወደድኩት ግን ሌላውን ነው። ፍላሻቸው ባዶ ሆኖባቸው እያለቀሱ የሚመጡ ተማሪዎች አሉ። ቫይረሱ ፋይላቸውን ደብቆት እንጂ ብዙ ጊዜ አልጠፋም። ኡቡንቱ ላይ ስሰካው የዊንዶውስን የመደበቂያ ምልክት ስለማይቆጥረው ሁሉም ይታያል። ስንቱ ተማሪ መርቆኝ ሄዷል መሰላችሁ። ምርቃቱ የልጁ ነው።

ዊንዶውስ 10 ጥቅምት 4 ቀን 2018 ድጋፉ ሲቋረጥ ጎረቤቶቼ ተጨነቁ። የእኔ አሮጌ ማሽን ዊንዶውስ 11ን አይቀበልም። ግድ አልሰጠኝም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። ሊኑክስ አይበላሽም ያላችሁ ሰው ካለ ዋሽቷችኋል። ይበላሻል።

አንድ ማታ አንድ ሪሰርች እያስተካከልኩ መብራት ድርግም አለ። ሲመጣ ኮምፒዩተሩን ከፈትኩ። ጥቁር ስክሪን፣ ነጭ ጽሑፍ፣ የሚያብለጨልጭ ነጥብ። ሌላ ምንም የለም። ኪቦርዱን ብነካካ ወይ ፍንክች። ተማሪው በማግስቱ አስረካቢ ነው። ልጁ ስልክ አላነሳም። እኔም ቸኩዬ ወደ ሌላ ጠጋኝ ወሰድኩት። ስክሪኑን ገልመጥ አደረገና «ሃርድ ዲስኩ ሞቷል። ከታደለ ፎርማት ተደርጎ ይሠራል» አለኝ። ጽሑፉን አላነበበውም። ይህን ያኔ ልብ አላልኩም።

ኮምፒዩተሬን ታቅፌ በባጃጅ ፒያሳ ሄድኩ። ልጁ ሱቁን ሊዘጋ ሲል ደረስኩበት። ሰካው፣ ከፈተው፣ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከዚያ ያደረገውን አልረሳም። ጣቱን ስክሪኑ ላይ አድርጎ ከላይ ጀምሮ አነበበ። እንደ ዳዊት ደጋሚ። መጨረሻው መስመር ላይ ሲደርስ «እትዬ፣ ይሄው እኮ ራሱ እየነገረን ነው» አለኝ። ተረጎመልኝ። «ያልተጠበቀ አለመጣጣም ተገኝቷል፤ ኤፍ.ኤስ.ሲ.ኬን በእጅ አሂድ» ይላል። መድኃኒቱ ስክሪኑ ላይ ተጽፏል ማለት ነው!

ይሄ ኤፍ.ኤስ.ሲ.ኬ ምን እንደሆነ በሚገባኝ ቋንቋ ነገረኝ። ዲስኩ መጋዘን ነው። የትኛው ዕቃ የት እንዳለ የሚጻፍበት መዝገብ አለው። መብራት ድንገት ሲሄድ ኮምፒዩተሩ መዝገቡን እየጻፈ ከነበረ፣ እስክሪብቶውን ከእጁ ነጠቅነው ማለት ነው። መዝገቡና መጋዘኑ አይገጥሙም። ስለዚህ «ካልተቆጠረ አልከፍትም» ይላል። ኤፍ.ኤስ.ሲ.ኬ ቆጣሪው ነው። ሰኔ 30 መሥሪያ ቤት ሁሉ ንብረት የሚቆጥረውን አስቡት።

ግን ወዲያው አልነካውም። መጀመሪያ ሳይጫን ከፍላሽ በሚነሳ ኡቡንቱ ኮምፒዩተሩን አስነሳ። ዲስኩ የራሱን ጤንነት የሚመዘግብበት ቦታ አለው፤ እሱን አየ። «ዲስኩ ደህና ነው። በእውነት የታመመ ቢሆን ቆጠራው ራሱ ይጎዳው ነበር» አለኝ። ከዚያ ፋይሎቼን በሙሉ ወደ ሌላ ዲስክ ገለበጠ። ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሱቁ ተዘግቶ፣ ባለቤቱ እያዛጋ፣ እኔ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ። ከዚያ በኋላ አንድ መስመር ጻፈ። ጥገናው አምስት ደቂቃ አልሞላም። ሪሰርቹ ከነመጨረሻው ገጽ ወጣ።

400 ብር ከፈልኩት። ጨምሬ ስሰጠው መለሰልኝ። «የሠራሁት ማንበብ ነው» ብሎ ሳቀ።

ሌላ ጊዜም መብራት በአፕዴት መሃል ሄዶብኝ ነበር። ከዚያ በኋላ ምንም አልጭን አለ። የወጣው መልእክት መጨረሻ ላይ የሚጻፈው ትዕዛዝ ራሱ ተቀምጧል። ያን እንዳለ ጽፌ ራሴ አስተካከልኩት። ረዳቴ አጨበጨበች።

የከተራ ዕለት ደግሞ ሌላ ጉድ። አንድ የእንግዳ ማረፊያ ባለቤት የእንግዶቹን ዝርዝር ይዞ በጠዋት መጣ። ፓስወርዴን ጻፍኩ። ስክሪኑ ብልጭ ብሎ እንደገና ፓስወርድ ጠየቀኝ። ደግሜ ጻፍኩ። ደግሞ ጠየቀኝ። ስህተት ነው እንኳ አይልም፤ ተቀብሎ ይመልሰኛል። በር ከፍቶ «ግቡ» ብሎ ደረትህ ላይ እንደሚዘጋ ሰው። ደወልኩለት። ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር መዝሙር እየተለማመደ ነው፤ ከበሮው በስልኩ ይሰማል።

«እትዬ፣ ኮንትሮል፣ አልት እና ኤፍ 3ን አንድ ላይ ይጫኑ።»

ተጫንኩ። ጥቁር ስክሪን መጣ። ደነገጥኩ።

«አይደንግጡ፣ የጓዳ በር ነው። ስምዎንና ፓስወርድዎን ይጻፉ። ሲጽፉ ፓስወርዱ አይታይም፤ ዝም ብለው ይጻፉ።»

ገባሁ! ከዚያ ዲ፣ ኤፍ፣ ባዶ ቦታ፣ ሰረዝ፣ ኤች አስጻፈኝ። ቁጥሮች ዘረገፈ። «መቶ ከመቶ የሚል መስመር አለ?» አለኝ። አለ። ዲስኩ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ትንንሽ ፋይሎች መጻፍ አለበት፤ ቦታ ሲያጣ ተመልሶ ይወጣል። ፓስወርዱ ምንም አልሆነም። የሲስተሙን አሮጌ የመዝገብ ፋይሎች የሚቀንስ አንድ ትዕዛዝ ፊደል በፊደል አስጻፈኝ። ወደ 3 ጊጋ ተለቀቀ። አጥፍቼ ሳስነሳው ወለል ብሎ ተከፈተ። ከዚያ የቆሻሻ ቅርጫቱን ባየው ለካስ የሁለት ዓመት ስካን የተደረገ መታወቂያ ሁሉ እዚያ ተከምሯል። ሰርዘናል እንጂ ቅርጫቱን ደፍተነው አናውቅም። ይሄ ሁሉ ሲሆን ከበሮው አልቆመም። ዝርዝሩ ታተመ፣ ሰውየውም ለታቦቱ ደረሰ።

በጣም ያሳቀን ግን የሰዓቱ ጉዳይ ነው። በዚያው በጥር ወር አንድ ቀን ድረ ገጽ ሁሉ እምቢ አለ። የትም ብገባ «ግንኙነትዎ የግል አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ። ራውተሩን ሦስት ጊዜ አጥፍቼ አበራሁ። ኢንተርኔቱን ረገምኩ። ደወልኩለት።

«ሰዓቱ ጋ ዓመተ ምሕረቱ ስንት ይላል?»

«2018።»

«ልክ ነው?»

«ልክ ነዋ! ምን ማለትህ ነው?»

ዝም አለ። ከዚያ ሳቁን ለቀቀው። ረዳቴ ቅን ልጅ ናት። ጠዋት 2026 የሚለውን አይታ «ይሄ ነገር ተሳስቷል» ብላ፣ በራሱ እንዳያስተካክል ዘግታ፣ 2018 አድርጋዋለች። በእኛ ልክ ናት። ለኮምፒዩተሩ ግን ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ተመለሰ። እያንዳንዱ ድረ ገጽ የሚጀምርበትና የሚያበቃበት ቀን ያለው የምስክር ወረቀት አለው። በ2018 የሚኖር ኮምፒዩተር በ2025 የተሰጠ ወረቀት ሲያይ «ይሄ ገና አልተወለደም» ይላል። ቀኑን መልሰን በራሱ እንዲያስተካክል ስናደርገው ሁሉም ተከፈተ።

ሌላም የሰዓት ጣጣ ነበረብኝ። ከኡቡንቱ ወደ ዊንዶውስ ስሻገር ሰዓቱ በትክክል 3 ሰዓት ይዛባል። አንዱ የማሽኑን ሰዓት እንደ ዓለም አቀፍ ሰዓት፣ ሌላው እንደ አገር ቤት ሰዓት ያነበዋል። እኛ ደግሞ ከዓለም አቀፉ በ3 ሰዓት እንቀድማለን። በሀበሻ ሰዓት ለሚቆጥር ሰው ይሄ ሲጨመርበት አስቡት። አንድ መስመር ጽፎ አስታረቃቸው።

አማርኛውን ያልኩ እንደሆነ፣ መጻፉ ላይ ችግር የለም። በላቲን ፊደል ስመታ በግዕዝ ይወጣል። የሚያስቸግረው በሰው ፍላሽ የሚመጣው ነው። በኒያላ ፎንት የተጻፈ ማመልከቻ ኡቡንቱ ላይ ኒያላ ስለሌለ በሌላ ፎንት ይከፈታል፤ ሁለት ገጹ ሦስት ይሆናል። በድሮዎቹ የፓወር ግዕዝ ፎንቶች የተጻፈ ከሆነ ደግሞ የፈረንጅ ፊደል ዝባዝንኬ ነው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒዩተሮች ሁሉ በሚስማሙበት የፊደል መዝገብ ውስጥ፣ የገባው በ1999 እንደ ፈረንጆቹ ነው፤ እነዚያ ፎንቶች ግን የላቲኑን ቦታ ተውሰው ነው የሚሠሩት። ለዚህ መፍትሔ ሰጠኝ ብል ውሸት ነው። «ለእነሱ ዊንዶውሱን ይክፈቱ» አለኝ፣ በቃ። የማይችለውን አልችልም ይላል።

ጉድለቱንም ልናገር፣ ኋላ እንዳትወቅሱኝ። ስልክ ቶሎ አያነሳም። እሑድ አይሠራም። ቀጠሮ ያረፍዳል። ብየዳ ያለበት ሥራ አይነካም፣ ወደ ሌላ ይመራችኋል። ባክአፕ (ሌላ ቦታ የተቀመጠ የፋይል ቅጂ) ከሌላችሁ እንደ አባት ይቆጣል፣ ዕድሜው የልጄ ሆኖ ሳለ። ዩፒኤስ፣ መብራት ሲሄድ ኮምፒዩተሩን ለጥቂት ጊዜ የሚያቆየውን ባትሪ፣ ይግዙ ብሎ ስድስት ወር ነዘነዘኝ። ገዛሁ። ከዚያ ወዲህ ያቺን ጥቁር ስክሪን አላየኋትም።

የሚፈልገው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፣ ወይም ሱቄ ብቅ ይበል፤ ስልኩን እሱን አስፈቅጄ እሰጣለሁ። ስትሄዱ ኮምፒዩተሩ ያወጣውን መልእክት ፎቶ አንሱ። «አልሠራ አለኝ» ብቻ ካላችሁት መልሶ ይልካችኋል፤ እኔንም መልሶኛል።

አንተ ልጅ፣ ይሄን ካነበብክ እግዜር ይስጥልኝ። ደግሞም ከትናንት ጀምሮ ፕሪንተሩ «ቆሟል» እያለኝ ነው። ገመዱን አይቻለሁ፣ ወረቀትም አለው። የሚለውን ቃል በቃል ወረቀት ላይ ገልብጬ ኪቦርዱ ሥር አስቀምጬልሃለሁ። ሰኞ ብቅ በል፣ ቡና አፈላለሁ።